መጠበቅ የሰለቸው ማን ነው?

ቤራት፣ ኦክቶበር 3 ቀን 1975
በፖስታ

ለውድ የእህቴ ልጅ ለፖሊክሴኒ፤

እንደምን ከርመሻል? ትንሿ ልጅሽ ቬሳስ? ባለቤትሽ ፓንዴሊ ግድቡ ሥራ ላይ ነው ወይስ ለእረፍት መጥቷል? እኔ ለፓርቲያችን ምስጋና ይግባና ጤናዬ ሙሉ ነው። ጉልበቴን ብቻ ትንሽ ያመኛል፤ እሱም የእኔው ጥፋት እንጂ የማንም አይደለም።

ጥያቄዎችሽን በየተራ ልመልስ። አዎ፣ የሦስተኛ ዓመት የእንግሊዝኛ መማሪያ መጽሐፍ ዘጠነኛውን ምዕራፍ እንድጽፍ ከማተሚያ ቤታችሁ የተላከልኝ ትእዛዝ ደርሶኛል። አዎ፣ ተቀብያለሁ። አይ፣ አይከብደኝም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምረው የኖርኩት ነገር ነው። አርታኢዋ አንቺ መሆንሽን ስሰማ ግን ሳቄ መጣ። አባትሽ ሞቶ ሟች እናትሽ ወደ እኔ ቤት ይዛሽ ስትመጣ ከጠረጴዛው እግር አትበልጪም ነበር። ፊደል ያስቆጠርኳት ልጅ ዛሬ ጽሑፌን በቀይ እርሳስ ልታርም ነው! በይ እንግዲህ፣ እንዳታዝኚልኝ።

ምዕራፉ ተማሪዎቼ «ጅራታሙ ግስ» ስለሚሉት ነው። እንግሊዞች ግሱን ስም ሊያደርጉት ሲፈልጉ «ኢንግ» የምትል ጅራት ይቀጥሉበታል፤ መዋኘት፣ ማንበብ፣ መዝራት ይሆናል። ጅራቷን መቀጠል ማንም ይችላል። ችግሩ የት እንደምትቀጠል ማወቁ ላይ ነው። «ሹፌሩ ማጨስ አቆመ» ስትይ ጅራቷ አለች፣ ሰውየውም ሳንባው ተረፈ። «ሹፌሩ ሊያጨስ ቆመ» ስትይ ጅራቷ የለችም፤ ሰውየው መኪናውን ዳር አስይዞ እያቦነነ ነው። ልጆቹ እነዚህን ሁለቱን ሳያምታቱ ዓመቱን ከጨረሱ ለእኔ ሹመት ነው።

አርባ ምሳሌ ጽፌ አያይዤ ልኬያለሁ። ቬሳን ሳሚልኝ።

አጎትሽ ፔሪክሊ


ቲራና፣ ኦክቶበር 20 ቀን 1975
በፖስታ

ለተከበሩ አጎቴ፤

መልሴ በመዘግየቱ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቬሳ ጉሮሮዋን አሟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል። ፓንዴሊ አልመጣም፣ ግድቡ ከዕቅዱ በፊት እንዲያልቅ ቃል ስለገቡ እረፍታቸውን በፈቃዳቸው ትተውታል።

ምሳሌዎችዎን ኮሚሽኑ በጥሞና አንብቧቸዋል፤ በጠቅላላው ተወደዋል። የክፍል ኃላፊያችን ጓድ ናዝሚ ጥቂት አስተያየት አላቸው። ቁጥር ሦስት ላይ «ፒሎ መተኛት ይወዳል» ብለዋል። የአገራችን ወጣት ለምን መተኛት ይወዳል? የሚተኛው የለንደኑ ሚስተር ሂል ቢሆን ይሻላል። ቁጥር ሰባት ላይ ገበሬዋ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷታል። በምን ሳቀች? ምርቱ በመትረፍረፉ መሆኑ ይገለጽ። ቁጥር ሃያ ላይ «ዝናቡ መዝነቡን አላቆመም» ይላል፤ ጓድ ናዝሚ ይህ ለስንዴው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብለው ጠይቀዋል። ምን ብዬ ልመልስላቸው?

«ወደ ውጭ አገር መጓዝ ያስደስተኛል» የሚለውን ማንም ሳያየው ሰርዤዋለሁ። በሱ ፋንታ «ተራራ መውጣት ያስደስተኛል» ብያለሁ። ተራራው የትኛው እንደሆነ እስካሁን የጠየቀኝ የለም።

የጠየቅኩዎትን ስለዚያ ባልደረባዎ ጉዳይ አልመለሱልኝም።

አክባሪዎ ፖሊክሴኒ


ቤራት፣ ኖቬምበር 2 ቀን 1975
በሶቲር እጅ

ክሴኒዬ፣

እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሶቲር በጭነት መኪናው የወይራ በርሜል ጭኖ ቲራና ስለሚመጣ፣ ፖስታ ቤት ያሉት አንባቢዎቻችን ለዛሬ ይረፉና እንደ ሰው ልጻፍልሽ። አንብበሽ ምድጃ ውስጥ ክተቺው። ሶቲርን ቡሬክ አብዪው፤ ራቱን ካልበላ መንገዱን ሙሉ ሲያማሽ ነው የሚመለሰው። የሟች ሚስቴ ዘመድ ስለሆነ ጠባዩን አውቀዋለሁ።

ስለ ሹፌሩ ምሳሌ ስነግረው ተቆጣ።

«እኔን ነው መጽሐፍ ላይ ያወጣኸኝ?»

«አይ፣ መጽሐፉ ላይ ያለውስ ማጨስ አቁሟል። አንተ ሊያጨስ የቆመው ነህ» አልኩት።

«በል ተወኝ! ከወረቀት ላይ አውርደኝ። ወረቀት ላይ ወጥቶ ደህና የሆነ ሰው አላየሁም።»

ስቄበት ነበር። በሩን ዘግቶ ሲወጣ ግን ሳቁ ፊቴ ላይ ደረቀ፤ እውነቱን ነው። እስኪ ይህቺ ጅራት የምትከተላቸውን ግሶች ተራ በተራ አንብቢያቸው። ካደ፣ አመነ፣ ሸሸ፣ አመለጠ፣ ተጸጸተ፣ አቆመ። የመርማሪ ቢሮ እኮ ነው! እኔ «መስበሩን ካደ» ብዬ ስጽፍ ስለ መስኮት ነው የማስበው፤ ሌላው ስለ ምን እንደሚያስብ በምን አውቃለሁ? እያንዳንዷን ዓረፍተ ነገር እንደ ጠላት ሰው ሆኜ እንደገና ሳነባት ውዬ እንቅልፍ አጣሁ። ሽማግሌ ሰው ስለ መስኮት ጽፎ ይፈራል? እፈራለሁ፣ ክሴኒ።

ስለ ሌፍተር የጠየቅሽኝ እውነት ነው፤ በፖስታ የማይመለስ ስለሆነ ነው ዝም ያልኩሽ። የጂኦግራፊ አስተማሪያችንን ባለፈው ጸደይ ወሰዱት። ካርታ ሲያስተምር «የግሪክ ድንበር ከዚህ ያን ያህል ሩቅ አይደለም» አለ ተባለ። ርቀት ሲያስተምር! እሱስ እሺ፣ ልጅቷ ምን አደረገች? ሐኪም ልትሆን ትንሽ ቀርቷት ነበር። የቤተሰብ ታሪኳ ተበላሸ ተብላ ከትምህርቷ ተባረረች፤ አሁን ሙዘቄ ሜዳ ላይ ቦይ ትቆፍራለች። የሚያገባት የለም፤ ብትወልድም ያው ታሪክ ለልጇ ይተላለፋል። እኔ ልጅ የለኝም፤ ያለችኝ አንቺ ነሽ፣ አንቺ ደግሞ ቬሳ አለችሽ።

እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። እሳት ውስጥ ክተቺው።

ፔሪክሊ


ቲራና፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1976
በሶቲር እጅ

አጎቴ፣

እንኳን ደስ አለዎት! መጽሐፉ ታትሞ ወጣ። ስምዎ ሦስተኛው ገጽ ላይ አለ፤ ቬሳ በጣቷ እየነካች «አያቴ፣ አያቴ» ትላለች። ምዕራፍዎ ከሁሉም ያምራል። ይህን የምለው አርታኢዋ እኔ ስለሆንኩ አይደለም፣ ወይም ትንሽ ስለሆንኩ ነው።

አንድ ነገር ልንገርዎት፣ አይቆጡኝም። ገጹ ሊታተም ሲል ከታች መስመር ጎደለው። አታሚዎቹ «ቶሎ በይ፣ ማሽኑ ቆሟል» እያሉ ራሴ ላይ ቆመው ነበር። የዚያን ዕለት ጠዋት ለቬሳ ወተት ፍለጋ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ እኔ ጋ ሲደርስ አልቋል ተብዬ ነበር ወደ ሥራ የገባሁት። እግሬ እንደ በረዶ ሆኖ ነበር። ብዙም ሳላስብ ቁጥር አርባ አንድን ጨመርኩ፤ «ሁሉም ሰው መጠበቅ ሰልችቶታል» የሚል። በታይፕ መትቼ ሰጠኋቸው። ከመስተዋድድ በኋላ ጅራቷን አስገብቻለሁ፤ እርስዎ እንዳስተማሩኝ። ትክክል ነው አይደል?

ሶቲር ቡሬኩን ጨርሶ ሁለተኛ ሳህን እየጠየቀኝ ነው። ለፋሲካ እመጣለሁ፤ ማለቴ በዚያ ሰሞን።

ልጅዎ ክሴኒ


ቤራት፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1976
በሶቲር እጅ

ክሴኒ፣

ትክክል ነው። ሰዋስውሽ አሥር ከአሥር ነው። ያስጨነቀኝም እሱ ነው፤ ስህተት ቢኖረው አንባቢው ስህተቱን ሲያይ ትርጉሙን ባላየ ነበር።

«ሁሉም ሰው» ማለት ማን ነው? ምን እየጠበቀ ነው የሰለቸው? ለማን ነግረሻል? ለፓንዴሊ ከነገርሽው እዚያው ያብቃ፤ ካልነገርሽው አትንገሪው። አታሚዎቹ ያነበቡት ይመስልሻል? መጽሐፎቹ ወጥተዋል ወይስ ገና መጋዘን ናቸው?

ሶቲር ሞተሩን ሳያጠፋ በሩ ላይ እየጠበቀኝ ነው። ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። ልጄን ደህና አድርግልኝ እያልኩ ነው፤ የምለውም በተዘጋው ቤተ ክርስቲያን በኩል ሳልፍ ነው፣ ማንም እንዳያየኝ ጫማዬን የማስር መስዬ።

ፔሪክሊ


ቲራና፣ ማርች 15 ቀን 1976
በፖስታ

ለመምህር ፔሪክሊ ዞቶ፤

ጤናዎ እንደምን ነው? እኛ ደህና ነን።

አንድ ንቁ መምህር ከሽኮድራ በሰጡት ጥቆማ መሠረት በማተሚያ ቤታችን ኮሪደር ላይ በአደባባይ የሚተች የመብረቅ ወረቀት መሰቀሉን አሳውቅዎታለሁ። ወረቀቱ በትልልቅ ቀይ ፊደላት እንዲህ ይላል፦ «ምዕራፍ ዘጠኝ፣ ቁጥር አርባ አንድ። መጠበቅ የሰለቸው ማን ነው? የሚጠብቀውስ ማንን ነው?» እንደሚያውቁት የመብረቅ ወረቀት የተሰቀለበት ሰው ዝም ማለት አይችልም። የምዕራፉ ደራሲ እርስዎና አርታኢዋ እኔ በሕዝቡ ፊት መልስ እንድንሰጥ ተጠይቀናል።

ይህን እንድጽፍልዎ ያዘዙኝ ጓድ ናዝሚ ናቸው። ስጽፍም አጠገቤ ቆመዋል።

ፖሊክሴኒ


ቤራት፣ ማርች 19 ቀን 1976
በፖስታ

ለጓድ ፖሊክሴኒ፤

የላክሽልኝን ማስታወቂያ ተቀብያለሁ። ለመብረቅ ወረቀቱ የምሰጠው መልስ ይህ ነው፤ ለጓድ ናዝሚም አሳዪልኝ።

ቁጥር አርባ አንድን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንቺ እንዳወጣው ደጋግመሽ ነግረሽኝ ነበር። «ጓድ ፔሪክሊ፣ ይህ ዓረፍተ ነገር ጥርት ያለ አቋም የለውም» ብለሽኛል። እኔ ግን በአሮጌ አስተማሪ ትዕቢት ተነሳስቼ አንዲትም ቃል እንዳትነኪ ከለከልኩሽ። የሽኮድራው ጓድ ዓይናቸው ስለታም ነው። አንቺ ያኔ ያልሽኝን ዛሬ እሳቸው ደገሙት።

እዚህ የትምህርት ክፍሉ ጠርቶኝ ይህንኑ ተናግሬያለሁ። ነገም ይጠሩኛል፣ ያንኑ እናገራለሁ።

ፔሪክሊ ዞቶ


ቲራና፣ ማርች 24 ቀን 1976
በሶቲር እጅ

አጎቴ፣ ምን ነካዎት?

መቼ ነው እንዲያወጡት የነገርኩዎት? መቼ ነው የከለከሉኝ? ጓድ ናዝሚ ደብዳቤዎን በስብሰባ ላይ ጮክ ብለው አነበቡት። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ፣ አንዳንዱማ በአድናቆት! «ንቁ ናት፣ አስጠንቅቃው ነበር» ተባለልኝ። ተነስቼ ውሸት ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ተቀመጥኩ።

እጠላለሁ ራሴን። ጠረጴዛ የምንጋራው ኡራኒ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አርቃለች፤ ብርሃን ፈልጌ ነው ትላለች። ሰው የሚወስዱበት ዓይነት ጂፕ በመንገዱ ባለፈ ቁጥር መጋረጃውን እዘጋለሁ። ትናንት አንዱ ደጃችን ቆመ፤ ቬሳን ቁም ሳጥን ውስጥ ልደብቃት ስሮጥ ራሴን አገኘሁት። የፎቁ ጎረቤታችን ጎማ ሊቀይር ነበር። ልጅቷ «ድብብቆሽ ነው?» አለችኝ፤ አዎ አልኳት።

ፓንዴሊ ከግድቡ ሲመጣ ነገርኩት። ሲጋራውን በተቃራኒው በኩል ለኮሰው። ቀጥሎ «ዝም ካልሽ እሱ ይሄዳል፣ ከተናገርሽ ቬሳ ትሄዳለች» አለኝ። በእጁ ፊቱን ሸፈነ።

አልችልም፣ አጎቴ። ሰኞ ሄጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ እላለሁ። ወተት አጥቼ ነው እላለሁ። ለሰው ልጅ ወተት ማጣት ወንጀል ነው? እባክዎ አንድ ነገር ይበሉኝ።

ክሴኒ


ቤራት፣ ማርች 26 ቀን 1976
በሶቲር እጅ

ክሴኒዬ፣

ሰኞ የትም አትሄጂም። አታልቅሺ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢ።

ወተት አጣሁ ብትያቸው ነገሩ ይብሳል። ያኔ ማን እንደሰለቸው፣ ምን ሲጠብቅ እንደሰለቸው በራስሽ አፍ መለስሽላቸው ማለት ነው። በኔ በኩል ሁሉም አልቋል። እኔ ጋ የቀረውን ረቂቅ ጠይቀውኝ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ከአርባ በታች አርባ አንድን በገዛ እጄ ጨምሬበታለሁ። እናንተ ጋ ያለው በታይፕ ነው ብለሻል፤ ታይፕ ደግሞ የማን ጣት እንደመታው አይናገርም። አሁን ሄደሽ የእኔ ነው ብትይ ሁለታችንንም ይወስዱናል፤ እኔን ዋሽተሃል ብለው፣ አንቺን ጽፈሻል ብለው። እኔ ሚስት የለኝም፣ ልጅ የለኝም፣ የሚበላሽ ታሪክ የምተውለት የለኝም። ቬሳ ግን አራት ዓመቷ ነው። የሌፍተርን ልጅ እጆች አይቻቸዋለሁ፤ ለበዓል ፈቅደውላት መጥታ ነበር። የቬሳ እጆች እንደዚያ እንዲሆኑ አልፈልግም።

ጀግና ነኝ ብለሽ እንዳታስቢ። ፈርቻለሁ። ትናንት የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ስሜን ሦስቴ እስክትጠራ ከወንበሬ አልተነሳሁም፤ ሪህ ነው ብዬ ዋሸኋት። ማታ በሬን ቆልፌ ቁልፉን ትራሴ ስር አደርጋለሁ፣ እነሱ ቁልፍ የሚያስፈልጋቸው ይመስል። ያም ሆኖ ቃሌን አልለውጥም።

አሁን የሚቀረው የአንቺ ነው። በስብሰባ ዝምድናሽን እንድትክጂ ይጠይቁሻል፤ ሁሉንም ይጠይቃሉ። ትክጂያለሽ። በፖስታም ትጽፊልኛለሽ፣ እንዲያነቡት ነውና። አጎቴ አትበይኝ። አንቱ አትበይኝ። እንዲህ ብለሽ ጻፊ፦ «በመማሪያ መጽሐፍ የሠራኸውን ጥፋት አወግዛለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በመካከላችን ዝምድና የለም። ደብዳቤ እንዳትልክልኝ።» ይኸው ነው። አጭር ይሁን፤ ባጠረ ቁጥር ለአንቺም ለእኔም ይቀላል።

ሶቲር ከዚህ በኋላ አልመላለስም ብሏል፤ ሚስቱ ለምናዋለች። አትቀየሚው። ይህ በእጅ የሚመጣልሽ የመጨረሻው ነው።

ልጄ ነሽ። ይህን በፖስታ ልጽፍልሽ ስለማልችል እዚህ ሁለቴ ልበለው። ልጄ ነሽ።

ፔሪክሊ


ቲራና፣ ኤፕሪል 12 ቀን 1976
በፖስታ

ለፔሪክሊ ዞቶ፤

በመማሪያ መጽሐፍ የሠራኸውን ጥፋት አወግዛለሁ። ከዛሬ ጀምሮ በመካከላችን ዝምድና የለም። ደብዳቤ እንዳትልክልኝ።

የሥራ ባልደረቦቼ ስብሰባ ትችቴ ላይ ላዩን ነው፣ ጥልቀት ይጎድለዋል ስላለኝ የሚከተለውን እጨምራለሁ። ቤትህ ያደግኩት በፍርሃት ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ የእግርህን ኮቴ ደረጃው ላይ ስሰማ ጨዋታዬን ትቼ መጽሐፍ እገልጥ ነበር። ስታስተምረኝ ፊትህን እያየሁ እንጂ መጽሐፉን እያየሁ አልተማርኩም። አንተን ያልፈራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ፖሊክሴኒ


ሙዘቄ፣ ጁን 6 ቀን 1976
በፖስታ

ለጓድ ፖሊክሴኒ፤

ደብዳቤ እንዳልልክ ያዘዙኝን ጥሼ በመጻፌ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። አዲሱ የመኖሪያ ቦታዬ ለቀድሞ ዘመዶች እንዲገለጽ የሰፈሩ ኃላፊ ስለፈቀዱ ይህን አንድ ጊዜ ብቻ እጽፋለሁ።

እዚህ የኅብረት እርሻው ላይ ቦይ እንቆፍራለን። ጤናዬ ደህና ነው፣ ጉልበቴም ከሥራው ጋር እየተስማማ ነው። ውግዘትዎ ደርሶኛል። እዚህም በስብሰባ ተነብቦልኛል፣ እስኪያልቅ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ስለ መጽሐፉ የጻፉት ሁሉ ትክክል ነው፤ ተቀብያለሁ። የሚጨመርበትም የሚቀነስበትም የለም።

ስለ ልጅነትዎ የጻፉትን ግን አላውቅም ነበር። አካፋውን ይዤ የማስበው እሱን ነው። ቀለም ያፈሰሱ ዕለት መጮሄ ትዝ ይለኛል። አንድ ጊዜም መዝገበ ቃላቱን ግድግዳው ላይ ወርውሬ ነበር፤ በእርስዎ ላይ አልነበረም፣ ግን እዚያው ተቀምጠው ነበር። እነዚህ ይሆኑ? ሌላም ካለ እኔ ረስቼዋለሁ ማለት ነው። ያ ጽሑፍ እውነትዎ ይሁን አይሁን ልጠይቅዎ አልችልም፣ እርስዎም ሊመልሱልኝ አይችሉም።

እውነት ከሆነ ይቅር በይኝ፣ ክሴኒዬ። ትፈሪኝ እንደነበር አላወቅኩም።

ፔሪክሊ